የሟቹ አለቃ ጭረት

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ በወንዙ ዳር የቆመው የመንግሥት የእንጨት ሥራ ቤት አለቃውን በወረርሽኙ አጣ። ሥራ ቤቱ ረጅም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ቁርጭምጭሚት በሚያሰጥም ሰጋቱራ የተሞላ ነበር፤ በአንደኛው ጫፍ የእንፋሎቱ ሞተር፣ በሌላው ጫፍ ክብ መጋዙ የተተከለበት የብረት ጠረጴዛ፣ በመካከላቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያጨበጭብ የቆዳ ቀበቶ ነበረ። አለቃው በተቀበሩ በማግስቱ ሞተሩ እንደ ወትሮው ተነሣ፤ መንግሥት ለቅሶ አይቀመጥም።

ምክትላቸው ስም ነበረው፤ የሚጠራው ሰው ግን አልነበረም። መጋዙ የቀኝ እጁን የመሐል ጣት ከወሰደበት ቀን ጀምሮ “ዘጠኝ” ይሉት ነበር፤ ጣቱን የቆጠሩለት ሰዎች የደከመበትን ዓመት አልቆጠሩለትም። ዓመቱ ሃያ ሁለት ነበር።

በዚያው ሳምንት የሕንጻ ሥራ የበላይ ተመልካች የሆኑት ሻለቃ አስጠሩት። የአዲሱ ፍርድ ቤት ታላቅ በር መቃን በሟቹ እጅ ተሠርቶ በድንጋዩ ግንብ ውስጥ ተተክሏል፤ የቀሩት ሁለቱ መዝጊያዎች ናቸው። አገረ ገዥው ችሎቱን ለመክፈት በስምንተኛው ቀን ይገባሉ፤ በዚያን ጊዜ በሩ ተሰቅሎ ከተገኘ የአናጺዎች አለቅነት የእሱ እንደሚሆን፣ ካልተገኘ ግን ሌላ አለቃ ከዋናው ከተማ እንደሚመጣና እሱ በምክትልነቱ እንደሚያረጅ ሻለቃው ነገሩት። ዘጠኝ እጅ ነሥቶ ወጣ። ደስታውን ማንም አላየበትም፤ ለሃያ ሁለት ዓመት ፊቱን ማንም አላየውምና።

እንጨቱን ከመንካቱ በፊት ወደ መሪው ሄደ። መሪው በመጋዙ ጠረጴዛ ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ዘንግ ነበር፤ በዘንጉ ራስ ላይ የማዕዘን ቁጥር የተቀረጸበት ግማሽ ክብ ናስ አለ፤ እንጨት በግንባሩ ተደግፎ ወደ መጋዙ የሚገፋው በእርሱ ነው። ሟቹ በናሱ ላይ በምስማር አንድ ቀጭን ጭረት ጭረው ነበር፤ “ቀጥ ያለው ይህ ነው” ይሉ ነበር። ጭረቱ ግን ከቀጥታው በአንድ ፀጉር ያፈነገጠ ነበር። ይህንን የሚያውቀው ዘጠኝ ብቻ ነው፤ አለቃው ማዕዘን የሚለኩበት ስኳድራ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ሲጣመም በዓይኑ አይቷል። በስኳድራው አንድ መስመር አስምሮ፣ ገልብጦ በዚያው ነጥብ ላይ ሌላ አስምሮ፣ ሁለቱ መስመሮች እንደ መቀስ አፍ ሲከፈቱ ለአለቃው አሳያቸው። አለቃው በሠራተኛው ሁሉ ፊት የወለገደው ስኳድራው ሳይሆን የእሱ ዓይን መሆኑን ነግረው አሳቁበት። ዘንጉ በቦዩ ውስጥ ይንቀጫቀጫል ባለ ጊዜም፣ ፈሪ መሆኑን ነግረው እንጨቱን ግፋ አሉት፤ ገፋ፤ ጣቱ የሄደው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ፣ መሪውን በመዶሻ ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ወደ ጭረቱ መመለስ የእሱ ሥራ እንዲሆን አዘዙ። ቅጣት ነበር፤ ቆይቶ ልማድ ተባለ።

አሁን አዛዡ የሉም። ዘጠኝ ከመጋዙ ጥርሶች በአንዱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ፤ ያንን ጥርስ ወደ ፊት አዙሮ ከቦዩ ያለውን ርቀት በቀጭን እንጨት ለካ፣ ወደ ኋላም አዙሮ ለካ፣ እኩል ሆነ። የዘንጉን ጎን በሹል ብረት እየወጋ አሳበጠው፤ ሳይንቀጫቀጭ፣ ሳይያዝም እስኪንሸራተት ድረስ። ከዚያ የመሪውን ግንባር ከጭረቱ ፈቀቅ አድርጎ አስተካከለና ብሎኑን አጠበቀ፤ ሰፊ ጣውላ ቆረጠ፤ ግማሹን ገልብጦ ከሌላው ግማሽ ጋር ገጠመና ወደ መስኮቱ አነሣው። ስህተት ሲገለበጥ እጥፍ ሆኖ ይታያል። በመገጣጠሚያው ብርሃን አልገባም። ዘጠኝ ጣውላውን እንደያዘ ብዙ ቆመ።

ጠዋቱን ሙሉ የመዝጊያውን አግዳሚዎች ቆረጠ። ከምሳ በኋላ የቆረጣቸው ግን ከጠዋቶቹ ጋር አልገጥም አሉ። መሪውን ቢያይ በጭረቱ ላይ ቆሟል፤ ብሎኑም ጥብቅ ነው።

በነጋታውም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ማንም አልነካሁም አለ። ሞተረኛው ዘይት የጠጣ ጨርቁን እየጨመቀ፣

“ዘጠኝዬ፣ ምን ታደክመናለህ?” አለው። “ሰውየው አርባቸው ሳይወጣ ሥራ ጀመሩ፤ ደመወዛቸውን እንዳይጠይቁህ ብቻ ጸልይ።”

ሁሉም ሳቁ፤ ሳቁም ቶሎ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት በሥራ ቤቱ ውስጥ የሚቀር አልነበረም።

ዘጠኝ ግን ቀረ። በሩን ከውስጥ ቆለፈ፣ ቁልፉን በአንገቱ አንጠለጠለ፣ በመጋዙ ትይዩ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ገብታ በሰጋቱራው ላይ ነጭ ነጥቦች ትጥል ነበር፤ ቀበቶው ቆሟል፤ ወንዙ ይሰማል። ዓይኑን የከደነው ለአንድ አፍታ መሰለው። ሲገልጠው ነጥቦቹ አንድ ክንድ ያህል ተጉዘዋል፤ መሪው በጭረቱ ላይ ነው። ቁልፉ በአንገቱ ነው።

ማታ ለባለቤቱ ነገራት። እሷ አልደነገጠችም፤ የሚያስደነግጠው የእሷ መልስ ነበር።

“እኔማ ለምጄዋለሁ” አለችው። “ተኝተህ እጅህ አያርፍም። የአልጋውን እንጨት ሦስት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ትተነፍሳለህ። ስንት ዓመቴ መሰለህ? እሱን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንተዬ፣ ምን ብዬ? ሰውየው ቤትህም ገብተዋል ልበልህ?”

በሰባተኛው ቀን አንድ መዝጊያ እንኳ አልተገጠመም፤ የቀረው ደረቅ እንጨት ለአንድ ዙር ቁረጣ ብቻ ይበቃል። ዘጠኝ ጠዋት መሪውን አቀና፤ የምሳው ደወል ሲደወል በወንፊት የነፋውን ደቃቅ ሰጋቱራ በናሱና በጠረጴዛው ላይ እንደ ዱቄት በተነው። ቆልፎ ተቀመጠ። እንዳይተኛ ምላሱን ነከሰ፤ የምራቁን የደም ጣዕም እስከ መጨረሻው ያስታውሳል፤ ማን እንዳሸነፈው ግን አያስታውስም።

ሲነቃ ቆሞ ነበር። በሰጋቱራው ላይ የቀኝ እጅ መዳፍ ታትሟል፤ አውራ ጣት፣ አመልካች፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ሁለት ጣቶች። መዳፉን በላዩ ሳያስነካ ዘረጋው። ልክክ አለ።

 መሪውን ዳግም ለማቅናት መዶሻውን አነሣ፤ በዓይኑ እያየ፣ በልቡ ወደ ቀኝ እያለ መታ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጎንበስ ብሎ ቢያይ መሪው በጭረቱ ላይ ነበረ። ይህን ጊዜ አልተኛም፤ ፀሐይዋ በእጁ ጀርባ ላይ ነበረች። ውጭ ሞተረኛው በሩን ደበደበ። ዘጠኝ ከፈተ፣ ቀበቶው ማጨብጨብ ጀመረ፣ እንጨቱን ገፋ። ሁሉንም በሟቹ ጭረት ቆረጠ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ ቫርኒሹ እንኳ ሳይደርቅ፣ መዝጊያዎቹ ተሰቀሉ። ሻለቃው በእጃቸው ገፏቸው፤ ሁለቱ ክንፎች ድምፅ ሳያሰሙ ሄደው ተሳሙ፤ ከላይ እስከ ታች በመካከላቸው አንድ ክር ብርሃን አልነበረም። ዘጠኝ ወደ መቃኑ ቀረበ። መሪውን መቶ ጊዜ ሲለካ መቃኑን አንድ ጊዜ አልለካም ነበር፤ የሟቹ ሥራ በሚመሰገንበት አዳራሽ እግሬን አላስገባም ብሎ ነበርና። ቂም የያዘ ሰው ወደ አንድ ወገን ብቻ ያያል። አሁን የራሱን ያልተጣመመ ስኳድራ በመቃኑ ላይ አስደገፈ፤ መቃኑም በዚያው ፀጉር ዘሞ ነበር። በመሪው ላይ ፀጉር የሆነው በዚያ ቁመት ላይ ሲደርስ ጣት ያህላል። ቀጥ ያለው መዝጊያ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ አገረ ገዥው የሚያዩት አንዲት ጣት የምታህል ብርሃን ነበረች።

“ጌታዬ” አለ ዘጠኝ፣ “መቃኑ ዘሟል። መዝጊያውም ዘሟል።”

“በሩ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?”

“ይዘጋል፤ ግን—”

“እንግዲያው ሙት ወቃሽ አትሁን። ሰውየው ሞተውም አሠርተውሃል።”

አለቅነቱን ሰጡት። ወደ ሥራ ቤቱ ሲመለስ ሠራተኞቹ “አለቃ” ብለው እጅ ነሡት፤ ምሳ ሲሆን እንዲተኛ ሁሉም ወጡለት። ከዚያ ወዲያ መሪውን ያቀናው የለም፤ ያ ሥራ ቤት እስከ ተዘጋበት ቀን ድረስ የወጣው ሁሉ፣ መስኮቱም፣ የተማሪው ወንበርም፣ የሬሳው ሣጥንም በአንድ ፀጉር የዘመመ ነበር፤ ሁሉም እርስ በርሱ ገጥሞ ቆየ።

በሩ ዛሬም አለ። በመዝገቡ የተጻፈው የሟቹ አለቃ ሥራ ተብሎ ነው፤ ጸሐፊ የሚያየው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ነው፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ ቀድሞ የተቀመጠበትን ያስታውሳል። በቀኙ መዝጊያ የውስጥ ጠርዝ፣ በደረቀው ቫርኒሽ ውስጥ፣ የአንድ መዳፍ አሻራ አለ፤ ዘጠኝ በዚያ እጁን እንዳሳረፈ ከቶ አላስታወሰም። ጎብኚ ሲመጣ ዘበኛው አሻራውን ያሳያል፤ “የታላቁ አናጺ እጅ ነው” ይላል፤ ጎብኚውም ያደንቃል። ሟቹ ግን አሥሩም ጣታቸው ሙሉ ሆኖ ተቀበሩ። ታሪክ ጣት አይቆጥርም።