የተጣደፈው መዝሙር

ሰው በአንድ ትንፋሽ ባሕር ሆድ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል? እማ ኢዞልድ ከዶሚኒካ ዳርቻ ከተነሡ ጀምሮ ይህን ስታብሰለስል መጣች። ልጇ ኦገስት ማዕበሉን እየታገለ ይቀዝፋል፤ ዝናቡ ፊታቸውን ይገርፋል። የልጅ ልጇ ሜልቪና ቢላዋ በጥርሷ ነክሳ ገመድ ወገቧ ላይ ታስራለች።

ከፊታቸው አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል ይንፈራገጣል። ዓሣ ለመሰብሰብ ከተንሳፋፊ በርሜል ጋር የተጣለ አሮጌ ገመድ ጭራውን ተብትቦታል። ሁለቱ ሴቶች ገመዱን አይተው ወደ ኦገስት ዞሩ። እናቲቱ ከሥር ትዞራለች፤ ድምፅዋ የጀልባዋን ወለል እንደ በር ያንኳኳል።

«የኔ ገመድ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» አለ ኦገስት።

«ቋጠሮህን ዕውር ዳስሶ ያውቀዋል፣ አጎቴ። እንዳንተው ግትር ነው!» አለች ሜልቪና ቢላዋውን ከጥርሷ አውጥታ።

በመንደሩ ልማድ ገመድ ያዡ መዝሙር ይዘምራል፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ጠላቂውን ይጎትታል።

«እማ፣ ቀስ ብለሽ ዘምሪ። እንደ ቀብር እንጂ እንደ ሠርግ አይሁን።»

«ምላስሽን ያዥ! ቀብር አትበይብኝ!»

ሜልቪና ጠለቀች። እማ ኢዞልድ ዘመረች፤ ፍርሃት ግን ምላሷን አስጋለበው። መዝሙሩን ጨርሳ ጎተተች። ልጅቷ እያሳላት ብቅ አለች።

«አንድ ዙር ብቻ ሲቀረኝ! አጣደፍሽው፣ እማ!»

ከማዶ የሻርክ ክንፍ ውሃውን ሰነጠቀ። ሜልቪና አየችው። ገመዱን ከወገቧ ፈታች።

«አትፍቺው፣ ልጄ!»

ሰመጠች።

የሚጎተት ነገር የለም። እማ ኢዞልድ ባዶውን ገመድ እንደጨበጠች እንደገና ዘመረች፤ አሁን ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል። መዝሙሩ አለቀ። ሜልቪና የለችም። ሀ ብላ ጀመረች። ኦገስት መቅዘፊያውን ጥሎ በሻካራ ድምፁ ተከተላት።

ወለሉን የሚያንኳኳው ድምፅ ቆመ። ውሃው አበጠ፤ የእናቲቱ ጀርባ እንደ ደሴት ወጣ። ከጎኗ ግልገሉ፣ ጭራው ነጻ። በሁለቱ መሐል ሜልቪና ትዋኛለች፤ አፍንጫዋ ይደማል፤ አየሩን ትምገዋለች። ጀልባዋ ጋ እስክትደርስ እናቲቱ አልተለየቻትም። ሻርኩም አልቀረበም።

ቤት ሲደርሱ ሜልቪናን እንቅልፍ ጣላት። እማ ኢዞልድ ልጅቷ ከግልገሉ ጭራ ቆርጣ ያመጣችውን ገመድ ጠረጴዛው ላይ፣ ኦገስት ፊት አኖረችው።

«እንዲህ ያለ ስንት ጥለህ ረስተሃል?»

ኦገስት ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ተነሣ፤ የሜልቪናን ቢላዋ አነሣ። እማ ኢዞልድ «ማዕበሉ አልበረደም» ልትለው አፏን ከፈተች፤ ዋጠችው።

ኦገስት ከቤት ወጥቶ ወደ ጀልባዋ ወረደ።