አልተነፍስ ያለ ጎማ

መኪና በማይገባበት መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች መገናኘት አቃታቸው ቢባል ማን ያምናል? የጥብቅ ደኑ በር ላይ የተጋደመው ብረት መኪና የተባለን ሁሉ ውጭ ያስቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ኮረብታ፣ ዛፍ፣ ወፍና ብስክሌት ብቻ ነው። ጥሩምባ የለ፣ መብራት የለ፣ ትራፊክ ፖሊስ የለ። እንዲያም ሆኖ ብስክሌት ጠጋኙ ለሚወዳት ልጅ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የጉብኝቱ ወቅት ሊያልቅ ነው።

ጥፋቱ የአሠራሩ ነው። ጎብኚዎች በቡድን ሲወጡ ከፊት መሪ፣ ከኋላ ደግሞ ጠባቂ ይመደባል። መሪዋ እሷ ናት፤ መንገድ ታሳያለች፣ ኮረብታ አናት ላይ ቆማ ሁሉም እስኪደርስ ትጠብቃለች። ከኋላ የሚመጣው እሱ ነው፤ መንፊያና መፍቻ ተሸክሞ የተበላሸውን ይጠግናል፣ የደከመውን ይገፋል። የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ጭራ» ይሉታል። ጭራ ደግሞ አናት ላይ የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው። እሱ ደረሰ ማለት ቡድኑ ሞላ ማለት ነው፤ ቡድኑ ከሞላ መሪዋ ትነሳለች። ላቡን ጠርጎ ቀና ሲል የሚያየው ጀርባዋን ነው።

ወቅቱን ሙሉ ጀርባዋን አየ። ቀይ ቦርሳዋ ላይ የተተረተረችውን ስፌት ሳይቀር አብጠርጥሮ ያውቃታል።

አንዴ ብቻ ቀንቶት ነበር። ሥራ በጀመረች ሰሞን የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። የመሪ ጎማ ከተነፈሰ መሪው እዚያው ቆሞ ጭራን ይጠብቃል፤ መሣሪያው ያለው እሱ ጋ ነዋ። ጎብኚዎቹ ምንጭ ዳር አረፉ። እሱ የተበሳውን የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪያውን፣ ሲለጥፍ እሷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ መንፊያውን ያዘችለት።

«ቀስ ብለህ ለጥፍ» አለችው።

«ለምን?»

«እንዲያው። ምን አስቸኮለህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይገባው ነበር። እሱ ግን ጠጋኝ ነው፤ የሰማው ስለ ማጣበቂያው ነበር። «አይዞሽ፣ ይይዛል» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ከአሮጌ ጎማ ወፍራም ሽፋን ቆርጦ በእሷ ጎማና በካላማዳሪያው መሀል ደረበበት፤ እሾህ ቢወጋው እንኳ ከሽፋኑ እንዳያልፍ። ለማንም አልተናገረም። ሌላው ወንድ አበባ ይሰጣል፤ እሱ የማይበሳ ጎማ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የመሪዋ ጎማ አንድም ቀን አልተነፈሰም። ጠጋኙ በሥራው እየኮራ፣ ለምን ዳግመኛ እንዳላገኛት እየገረመው ከኋላ ይከተላል።

ዛሬ የወቅቱ የመጨረሻ ጉዞ ነው። ጠዋት ብስክሌቷን ስትረከብ ዜናውን ራሷ ነገረችው።

«ዛሬ ወንድም ጋሼ ሊወስደኝ ይመጣል። ከተማ፣ አጎቴ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ቦታ ተገኝቶልኛል። ዛሬ ስመጣ እሺ ወይ እምቢ በይኝ ብሏል።»

«እሺ ካልሽ አትመለሺም ማለት ነው?»

«አልመለስም። የሚያስቀረኝ ነገር ካለ ግን…» ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

አፉን ከፈተ።

«ልጄ! ይቺን ኮርቻ ዝቅ ታደርግልኛለህ?» አሉ ከኋላው አንድ ሰው።

ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሐኪም እንቅስቃሴ ያድርጉ ቢላቸው አዲስ ቁምጣ ገዝተው መጥተዋል። ጠጋኙ ኮርቻውን አስተካክሎ ቀና ሲል ቀዩ ቦርሳ ከፊት ሆኖ መንገድ ጀምሯል።

የመጀመሪያው ዳገት ሥር ዳኛው ከብስክሌታቸው ወረዱ።

«ትንሽ ነው የቀረን ጋሼ፣ ይግፉት።»

«ቅድምም ትንሽ ነው ብለሃል። ቃልህ እርስ በርሱ ይጋጫል።»

አናቱ ላይ ሲደርሱ ቀድመው የደረሱት በርዷቸው ያጉረመርማሉ። መሪዋ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቁልቁል ታይ ነበር፤ ስታየው እጇን አወረደች።

«መጣችሁ?»

«መጣን። እኔ የምልሽ…»

«እንሂድ እንጂ፣ ደረቅን እኮ!» አለ ከጎብኚዎቹ አንዱ።

ሄደች። ጀርባ።

ሁለተኛው ዳገት ላይ ሊነግራት ቆረጠ። በአንድ እጁ የራሱን ብስክሌት፣ በሌላው የዳኛውን ወገብ እየገፋ፣ በአፉ የሚላትን እየደገመ ወጣ። መሪዋ ፈገግ ስትል እስኪታየው ድረስ ቀረበ። ያኔ የዳኛው ብስክሌት ካቴና ወለቀ። ካቴናውን መልሶ እጁ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ሲነሳ ከላይ «ቀጥሉ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ድንጋይ በእርግጫ መታ። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም፤ ጣቱ ግን አበጠ።

«ልጅቷን ነው?» አሉት ዳኛው።

«የቷን ልጅ?»

«ዕድሜዬን የጨረስኩት የሚክድ ሰው በማየት ነው። ያንተ ክህደት ጥራት የለውም። ለምን አትነግራትም?»

«መቼ ጋሼ? ስደርስ ትሄዳለች! አንድ ቀን እንኳ ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት? ባትፈልገኝ ነው።»

«እሷን ጠየቅሃት?»

«አልጠየቅኋትም።»

«አንዱን ወገን ብቻ ሰምተህ ፈረድክ በለኛ» አሉና ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት።

በመጨረሻው ኮረብታ አናት ላይ መሪዋን የኋላ ጎማዋ ላይ ተደፍታ አገኛት። ፊቷ በንዴት ቀልቷል። ስታየው በእጇ የያዘችውን ነገር ቁጥቋጦው ውስጥ ወረወረች።

«ተነፈሰ እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«ምን ይተነፍሳል!» ጎማውን በእግሯ ጠለዘችው። «ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ!»

«ጥሩ ጎማ ነው» አለ፤ ኩራቱን መደበቅ አልቻለም።

ከጎማው ቀና ብላ አየችው።

«አዎ። በጣም ጥሩ ጎማ ነው።»

ከዚያ እስከ በሩ ቁልቁለት ነው። እሷ እንደ ወፍ በረረች፤ ዳኛው ፍሬናቸውን ጨብጠው አለቅም አሉ።

መጠገኛ ክፍሉ ሲደርስ ብስክሌቷ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሷ የለችም፤ ሻንጣዋን ልታመጣ ሄዳለች። ወቅቱ ሲያልቅ ጎማዎቹ ሁሉ ወልቀው ይቀመጣሉ። ንዴቱን የሚወጣበት ቢያጣ ከእሷ ጎማ ጀመረ። ፈልቅቆ አወጣው፤ ጣቱን ከሽፋኑ ሥር ሰዶ ሲዳብስ አንድ ነገር ወጋው። ሽፋኑን ገለጠ።

እሾህ። አንድ አይደለም። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ተደርድረው፣ ጫፋቸው ሽፋኑ ላይ ተሰብሮ ቀርቷል። መንገድ እሾህን እንዲህ አሰልፎ አይተክልም። ገሚሱ ደርቆ ጠቁሯል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ግን ገና እርጥብ ነው።

ጠጋኙ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ዘሎ ተነሳ።

በሩ ላይ ሲደርስ ከብረቱ ወዲያ ወንድሟ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል፤ እሷ ብረቱ ጋ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ጎማውን ወደ ላይ አነሳው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎማ ነዋ። የማይተነፍስ።»

«እሾሁን ማን ተከለው?»

ሻንጣዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይሁንልህ? አንድ ቀን እንኳ ቢተነፍስልኝ ብዬ ጣቴ እስኪደማ ተከልኩ! ቀስ ብለህ ለጥፍ ያልኩህ ጊዜስ ምን መስሎህ ነበር?»

«ማጣበቂያው እንዲይዝ…»

«ጎሽ!»

«አንቺስ?» አለ፤ የከረመ ብስጭቱ ገነፈለ። «ስደርስ ትሄጂያለሽ። ወቅቱን ሙሉ ያየሁት ጀርባሽን ነው!»

«እኔ ነኝ የምሄደው?» ድምፅዋ ተሰበረ። «እያንዳንዱ ኮረብታ ላይ ስጠብቅህ አይደል እንዴ የከረምኩት? ብቅ እስክትል ድረስ ቁልቁል ሳፈጥ ነው የምቆየው። አንተ ያየኸው ስሄድ ብቻ ነው።»

ዘይት በነካው እጁ ጎማውን ያሽከረክር ጀመር።

«አትሂጂ» አለ በመጨረሻ። «ውስጡ የደረብኩትን ሽፋን… ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።»

ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት።

«ነይ እንጂ አንቺ ልጅ!» አለ ወንድሟ በመስኮት።

ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ወንድም ጋሼ፣ እምቢ ልልህ ነው። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ሞተሩን አጥፋው።»

በሚቀጥለው ወቅት ከፊት የሚመራው እሱ ሆነ፤ መፍቻና መንፊያውን እሷ ተረከበች፤ «አንዴ ደግሞ አንተ ጠብቀኝ» ብላ። አሁን ኮረብታው አናት ላይ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቁልቁል የሚያየው እሱ ነው። እሷ ላብ በላብ ሆና ስትደርስ ጎብኚዎቹ «እንሂድ እንጂ!» ይሉታል።

«ይቅርታ፣ ጎማዬ ተንፍሷል» ይላቸዋል።

እውነቱን ነው። ኪሱ ውስጥ እሾህ አይጠፋም።