ያልሳለችው ዋሻ

ይሄን ተረት ነው የሚል ካለ፣ ሞጣ ሄዶ ሙጀሂድን ይጠይቅ። ሰውየው ዛሬም አለ። ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ልክ ከምሳ በኋላ።

ቦታው በቢቸናና በሞጣ መካከል፣ አንድ ገደል ሥር ያለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነው።

እፀገነት እዚያ የማዕድን ኢንጂነር ነበረች። ዋሻው በዶማ ከመቆፈሩ በፊት እሷ ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌሽን አስመስላ ትቆፍረዋለች። ጣሪያው ክብደቱን የሚችል ከሆነ አረንጓዴ ያሳያል፤ የሚደረመስ ከሆነ ቀይ።

«እኛ ባንቺ አረንጓዴ ተማምነን ነው የምንገባው» ይላት ነበር የቆፋሪዎቹ አለቃ ሙጀሂድ።

ያን ቀንም አረንጓዴ ነበር። ሰዎቹን ይዞ ገባ።

እሷ ከዋሻው አፍ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቢሮ ተቀምጣ የነገውን ቁፋሮ ትሞክራለች...

ድንገት ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር አየች።

ዋሻ ነው። እሷ ያልሳለችው።

ተሳስቼ ይሆናል ብላ አጠፋችው። ሲሙሌሽኑን እንደገና አስነሳችው።

መስመሩ ተመለሰ... ረዝሟል።

መግቢያ የለውም። ከተራራው ሆድ ተነስቶ ሰዎቹ ወዳሉበት ይመጣል። ያለፈበት ሁሉ ቀይ ሆኗል።

ወደ ዋሻው የሚደውለውን የሽቦ ስልክ አነሳች።

«ጋሼ ሙጀሂድ፣ ቁፋሮውን ያቁሙ!»

«አቁመናል እኮ ልጄ።» በሹክሹክታ ነበር የመለሰላት።

«ለምን?»

«ዝም በይ... ከፊታችን እየቆፈሩ ነው።»

«እነማን?»

«እኔ ምን አውቄ! ከከሰሉ ወዲያ ነው... እኛ ዝም ስንል እነሱ ይበረታሉ።»

ስክሪኑን አየች። መስመሩ ሊደርስባቸው ነው። ከራሳቸው በላይ ያለው ጣሪያ መቅላት ጀምሯል።

«ይውጡ! ዕቃውን ይተዉት! ስለ አላህ ይውጡ!»

ሮጣ ወጣች። ቆፋሪዎቹ እየተገፋፉ፣ እየሳሉ፣ የከሰል ብናኝ ለብሰው ወጡ። ሙጀሂድ የመጨረሻው ነበር።

እግሩ ደጅ እንደረገጠ ተራራው አጓራ። ጣሪያው ወረደ። አቧራው ፀሐይዋን ጋረዳት።

ሙጀሂድ ሰዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራ። ሁሉም አቤት አሉ። አንድም የቀረ የለም።

«አልሐምዱሊላህ» ብሎ አፈር ላይ ተዘረፈጠ። እፀገነት አለቀሰች።

አቧራው ሲሰክን ሙጀሂድ ተነሳ። በፍርስራሹ ክፍተት የእጅ ባትሪውን ወደ ውስጥ አበራ።

ከወዲያ... ሌላ መብራት ታየ።

«የራስህ ባትሪ ነጸብራቅ ነው» አለ አንዱ ቆፋሪ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሙጀሂድ ባትሪውን አጠፋ።

የውስጡ አልጠፋም።

ሰው ይዞት እንደሚራመድ፣ ከፍ ዝቅ እያለ... ወደ እነሱ ይመጣ ጀመር።