የጎደለው እጅጌ

ልጆች፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ጥያቄው ሳያልቅ መልስ ስለምትሰጥ ሰፈሩ ሁሉ «መብረቅ» ይላታል። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። የሚኖሩት ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ነው።

አንድ ጠዋት አባቷ የአክስቷን የምረቃ ቀሚስ ሊሰፋ ተነሣ። ምረቃው በማግስቱ ነበር።

«ለቀሚሱ ሁለት ሜትር ከግማሽ፣ ለእጅጌና ለአንገትጌው አንድ ሜትር ከሦስት አራተኛ። ደምሪና ጨርቁን ከጨርቅ ባለሱቁ አምጪልኝ» አላት።

መብረቅ እየሮጠች ደመረች። ሙሉዎቹ ሦስት ሆኑ። ከክፍልፋዮቹ ደግሞ ከላይ አንድና ሦስት፣ አራት። ከታች ሁለትና አራት፣ ስድስት።

«ሦስት ሜትር ከአራት ስድስተኛ!» አለችው ባለሱቁን።

«እርግጠኛ ነሽ፣ የኔ እመቤት?»

«ሂሳብ ለእኔ እንደ ውኃ ነው!»

ባለሱቁ ራሱን እያከከ ቆረጠላት።

አባቷ በመቀሱ ለቀሚሱ ቆረጠ፤ ለአንገትጌውና ለአንዱ እጅጌም ቆረጠ። ለሁለተኛው እጅጌ ግን ጨርቁ አለቀ።

«በትክክል ደምረሻል አይደል?»

«ሁለቴ ነው ያየሁት!»

አንዴም ደግማ አላየችውም።

«እንግዲያው ባለሱቁ አታሎናል!» አባቷ ሜትሩን አንጠልጥሎ ወጣ።

መብረቅ ከኋላው ተከተለች። «ግማሽ ላይ ሦስት አራተኛ ተጨምሮ እንዴት ከአንድ ያንሳል?» የሚል ሐሳብ ውስጧን ቆረቆራት። ግን ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ልጆች፣ ይህቺን ሹክሹክታ እናንተም ታውቋታላችሁ።

ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ የአባቷን ኮት ያዘች።

«አባዬ፣ ሰውየው ምንም አላጠፋም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ደግሜም አላየሁትም፤ ዋሸሁህ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አባቷ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሜትሩንም ዘረጋ።

«ግማሽና ሩብ እኩል ቁራጭ አይደሉም። መጀመሪያ አንድ ዓይነት አድርጊያቸው። ግማሽ ስንት አራተኛ ነው?»

በጣቷ ቆጠረች። «ሁለት።»

«ከሦስቱ ጋር?»

«አምስት አራተኛ። አንድ ሙሉና ሩብ ማለት ነው! ከሦስቱ ሜትር ጋር… አራት ሜትር ከሩብ!»

«ይኸው! በይ አሁን ግቢ።»

ብቻዋን ገባች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእኔ ስሕተት እርስዎ ሊወቀሱ ነበር» አለች።

ባለሱቁ ሳቀ። «እኔም ያንን ስድስተኛሽን ሜትሬ ላይ ፈልጌ አጥቼ በግምት ነው የቆረጥኩት!» ከጥቅሉ የቀረችውን የመጨረሻ ቁራጭ ዘረጋላት። ለእጅጌው በቃች።

በማግስቱ አክስቷ ቀሚሱን ለብሳ ተመረቀች።

ልጆች፣ ስትሳሳቱ እውነቱን ቶሎ ተናገሩ፤ እግዚአብሔርም ሰውም ይቅር ይሏችኋል፣ ስሕተቱም ይታረማል።