መብራት ጠፍቶ ሳለ ስም የጠራው ማን ነበር?

ወሬው ሲደርሰኝ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር። ከሱቄ አጠገብ ቪዲዮ ቤት ያላት ሃዋ መጋረጃዬን ገለጠችና፣ «እህቴ፣ ጉድ መጣልሽ! ያንቺ እንግዳ ፊልም ተሠርቶበታል!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ልቀጥል፣ ግን አስቀድማችሁ አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም። የቄስ ልጅ ነኝ፣ ደሴ ስናድግ አንዳችን ጥላ አየን ብንል አባቴ «ጸሎትህን አድርስና ተኛ» ነበር መልሳቸው፣ ጅጅጋ ለስፌት ሥራ ከመጣሁም ወዲህ ጎረቤቶቼ የጅን ወሬ ሲጀምሩ «ነፋስ ነው» ብዬ ወደ ስፌት መኪናዬ እመለስ ነበር፣ የጅጅጋ ነፋስ ደግሞ፣ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ ቆርቆሮ ሲነካ ሰው በር የሚያንኳኳ ነው የሚመስለው።

እንግዳው የምንለው ሰው ከደገሀቡር በመጣ የጭነት መኪና ላይ፣ ከፍየሎቹ ጋር የወረደ ጎልማሳ ነው። ሹፌሩ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት ከማለት ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ስምህ ማነው ሲሉት ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ዕቃ እንደሰበረ ልጅ ፈገግ ይላል። አማርኛውም ሶማልኛውም እኩል ስለሚፈስ ሶማሌዎቹ የኛ ነው ሲሉ፣ ከመሀል አገር የመጣነው ደግሞ የኛ ነው ስንል ከረምን። ሃዋ የቪዲዮ ቤቷን አግዳሚዎች እንዲያስተካክል ሥራ ሰጠችው፣ ምሳ ከእኔ ዘንድ ሆነ። አንድ ቀን እየበላ ሳለ ቀና አለና፣

«እትዬ፣ ስትጸልዪ እኔን ማን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ?» አለኝ።

«እንግዳው ብዬ ነዋ።»

«ላይ ያለው ጌታ እኮ ብዙ እንግዳ አለው፣ እንዳይምታታበት» ብሎ ሳቀ። እመኑኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የዚህን ሰው ስም ማግኘት የእኔ ጉዳይ ሆነ።

ሃዋ ያመጣችው ፊልም ታዲያ ማንነቱ የጠፋበት የአንድ ሰላይ ታሪክ ነው፣ ሰውዬው በባቡር ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይነቃል፣ ስሙን አያውቅም፣ እጁ ግን በራሱ ጊዜ ይማታል። «ይይና ምናልባት ያስታውሰው ይሆናል» አለች። እሱ ደግሞ እትዬ ካልገባች አልገባም አለ። እኔ በዚያ በር ገብቼ አላውቅም፣ ፊልሙን የምሰማው በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ነው፣ ግን የተራበ ማብላት ጽድቅ ከሆነ የጠፋ መፈለግስ ምን ኃጢአት አለው ብዬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሶላት ወዲህ ገባሁ፣ በሩ አጠገብ ከእንግዳው ጎን ተቀመጥኩ።

የሃዋ ቤት ወግ እንዲህ ነው። ጉሌድ የሚባለው ተርጓሚ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክራፎን ይዞ ይቆምና የፈረንጁን ወሬ ወደ ሶማልኛ፣ ለእኛም ቆንጠር አድርጎ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ ፊልሙ ሲጋጋል ደግሞ ቀጥ ያደርገውና «አስተያየት!» ይላል። ሁሉም የመሰለውን ይናገራል፣ ግምቱ የከሸፈበት ሻይ ይጋብዛል። ያን ዕለት ያቆመው ሰላዩ መስታወት ፊት ቆሞ «ማን ነኝ?» ሲል ነበር።

መጀመሪያ የተነሡት የግመል ነጋዴው ሀጂ ሙሴ ናቸው። «ይህ ፊልም ውሸት ነው!» አሉ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። «ይህን የሚያህል ጎበዝ ሲጠፋ ጎሳው የት ሄዶ ነው? ከብት የሚጠጣበት ውሃ ጋ ወርዶ የጠየቀ አንድ ሰው የለም? እኛ አንዲት ግመል ስትጠፋብን አገር እናስሳለን!»

«ሀጂ፣ ፈረንጅ ጎሳ የለውም፣ ያለው ፓስፖርት ነው» አለ ጉሌድ።

«ታዲያ ለዚህ ነዋ የጠፋው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሃዋ ከበሩ ሆና፣ «አትሸወዱ፣ ምንም አልረሳም! የኔም ባል አይሻ ከተማ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለች። ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው በቀለ ደግሞ ቦክሱን ያልረሳ ሰው ስሙን እንዴት ይረሳል ብሎ ሞገተ፣ እኔም ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝና፣ «እጅ የለመደውን አይረሳም፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰፋለሁ፣ ይልቅ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ነፍስ አባት ይፈልጉለት» አልኩ። ተጨበጨበልኝ፣ አፈርኩ።

«አንተስ?» አሉት ሀጂ ወደ እንግዳው ዞረው። «ባለጉዳዩ አንተ ነህ።»

«ይሄ ሰውዬ ዕድለኛ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የሚያሳድዱት እንኳ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። እኔን የሚያሳድደኝ የለም።»

«ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ፣ እኛ እናሳድድሃለን! ሻይ ሳትጋብዝ ከዚህ አትወጣም!» አሉት ሀጂ፣ እሱም ከሁላችን በላይ ሳቀ። በዚያው ሳቅ መሀል መብራት ሄደ።

መብራት መሄዱ ብርቅ አልነበረም፣ እንደ ልማዱ ተፏጨ፣ ሃዋ ተሰደበች፣ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈኑ ስለሆኑ ከቀኑ ብርሃን የሚገባ ነገር የለም። መጀመሪያ የሰማሁት የነፋስ ማራገቢያው እያቃሰተ ሲቆም ነው፣ ቀጥሎ ቆርቆሮው ጣ፣ ጣ አለ፣ ከዚያ ማይክራፎኑ «ጭሽሽ» አለ። ልብ በሉልኝ፣ መብራት የለም።

ከዚያ አንድ ድምፅ ስም መጥራት ጀመረ። የጉሌድን ይመስላል፣ ግን ረጋ ያለ ነው፣ አባቴ በቅዳሴ መሀል ስም ሲያነሱ እንደነበረው። ጉሌድ ጨዋታ ያመጣ መስሎን አዳመጥን። እኔ የክርስትና ስም ሰማሁ፣ ጥርት ብሎ። ከፊቴ ሀጂ ሙሴ ዘር እንደሚቆጥር ሰው መቁጠሪያቸውን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረጉ «እሺ... እሺ... አባቱስ?» ይላሉ በሹክሹክታ። ድምፁ የእንግዳው እንዳልሆነ እምላለሁ፣ መማል ባልወድም፣ ምክንያቱም እሱ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጦ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ጆሮዬ ሥር ነበር። በመጨረሻ ድምፁ ዝቅ አለና «ወለተ ሥላሴ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለ። ወለተ ሥላሴ እኔ ነኝ። በጅጅጋ ይህን ስም የሚያውቅ ሰው የለም፣ ነፍስ አባቴም ያሉት ደሴ ነው።

ውጭ ጄኔሬተሩ ዱግ ዱግ ዱግ አለ፣ መብራት መጣ፣ ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። «ጉሌድ፣ ዛሬስ በለጥክ!» ሲባል ጉሌድ እጁ በዘይት ጠቁሮ በበሩ ገባ። «ምን አደረግሁ? ይሄ ጄኔሬተር አልነሣ ብሎኝ ስታገል ነበር» አለ። ማይክራፎኑ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል።

እንግዳው ግን ተነሥቶ ቆሞ ነበር፣ እያለቀሰ ይስቃል። «የኔ ነው» አለ፣ «ሁሉም የኔ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ፊልሙን ያየ የለም፣ ሰላዩ ለባዶ አግዳሚ ሲደባደብ አለቀ። ሀጂ «አባቶቹ ተቆጠሩ፣ አንደኛውን አውቃቸዋለሁ፣ የሸደር ከተማ ሰው ናቸው» ይላሉ፣ እኔ «ኧረ የክርስትና ስሙ ነው» እላለሁ፣ በቀለ የቤት ስሙ ነው ይላል፣ ሃዋ ደግሞ እናት ልጇን ለእራት ስትጣራ ሰማሁ ብላ እልል አለች። ሻይ ሁሉም ለሁሉም ጋበዘ። የትኛው ነው ትክክል ብለን እንግዳውን ያዝነው፣ «ሁላችሁም ጠርታችሁኛል፣ አንዱን መርጬ ማንን ላስቀይም?» ብሎ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ደስታ በዚያች ከተማ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ማለዳ ሄደ። ሀጂ የሸደር መኪና ላይ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት ይላሉ፣ ሃዋ የደገሀቡር ነው ትላለች፣ እኔ በእነዚህ ዓይኖቼ ያየሁት ወደ አይሻ በሚሄድ መኪና ነው። ፈገግታው ግን በሦስታችንም ዘንድ አንድ ነው።

ያ ሁሉ ይሁን፣ ደስ ብሎኝ ነው የሸኘሁት። የከበደኝ ሌላ ነው፣ በዚያው ማታ ለጸሎት ቆሜ ስሙን ልጠራ ስል ጠፋኝ። ሀጂ ዘንድ ሮጥኩ፣ እሳቸውም መቁጠሪያቸውን ይዘው ከትናንቱ ሻይ ወዲህ ከአባቶቹ የአንዱንም ስም ማስታወስ አልቻልኩም አሉኝ። ሃዋም፣ በቀለም እንደዚያው፣ መስማታችንን እናውቃለን፣ የሰማነው ግን የለም። ሰውዬው ስሙን ይዞት ሄደ መሰለኝ፣ እኛ እንደ ፊልሙ ሰላይ ቀረን።

እስካሁን መብራት በጠፋ ቁጥር የስፌት መኪናዬን አቁሜ በግድግዳው በኩል አዳምጣለሁ። ነፋስ ነው እላለሁ። ነፋስ ግን የክርስትና ስም ከየት ያውቃል?

እና በዚያ ቀን ከኋላ አግዳሚ የተቀመጣችሁ፣ አደራችሁን፣ ምናልባት በአንዳችሁ ጆሮ ውስጥ ስሙ ቀርቶ ከሆነ ኑና ንገሩኝ፣ በጸሎቴ አሁንም እንግዳው ነው የምለው፣ ላይ ያለው ጌታ እንዳይምታታበት ብዬ እሰጋለሁ። ብቻ ስትመጡ መብራት ባለበት ሰዓት ይሁን።