የጽዋው ምስክር

ሐጅ ኢስሃቅ ሲደርሱ ሬሳው ገና አልተነሣም። መምህሩ ኡስታዝ ጋረደው ከሚኖሩበት ፎቅ መስኮት ሥር፣ አቧራው ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ከትከሻቸው በላይ የሰሊጥ ጆንያ ተጥሎባቸዋል። ከቅዳሴ ስትመለስ ቀድማ ያየቻቸው ጎረቤታቸው ሸጊቱ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

«በከንቱ ደከሙ፣ ያ ሐጅ» አለ የፖሊስ መኮንኑ ሉጥፊ። «ገዳዩን ይዤዋለሁ።»

ሐጅ ኢስሃቅ ጎንደር ሳሉ የወንጀል መርማሪ ነበሩ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገብተው ቅመም መሸጥ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሐበሻው ግን ችግር ሲገጥመው ዛሬም የሚጠራው እሳቸውን ነው።

ገዳይ የተባለው ኸድር እጁ የፊጥኝ ታስሮ ከባለ ሦስት እግር ረክሻው ጎን ቁጢጥ ብሏል። ምድር ቤቱን ተከራይቶ የሚኖር ጎረምሳ ነው።

«ምን አደረገ?»

«ትናንት መንደሩ ሁሉ እየሰማ ‹አንድ ቀን አንቱንም በመስኮት ነው የምንወረውርዎት› አላቸው። ዛሬ ተወረወሩ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«ቀልድ ነዋ!» ጮኸ ኸድር። «ቼኮቹ ሹማምንታቸውን በመስኮት የጣሉበትን ታሪክ ሲነግሩን እኮ ነው! እሳቸውም ስቀዋል፣ ወላሂ!»

ሉጥፊ ትከሻውን ሰበቀ። «መታወቂያም የለውም። ዛሬ ወደ ገላባት በሚወርደው መኪና ይጫናል፤ የቀረውን ከድንበሩ ማዶ ያሉት ይጠይቁት።»

የኸድር ፊት አመድ መሰለ። ጠመንጃ ጥሎ የሸሸ ሰው ከማዶ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

«መኪናው እስኪነሣ ታገሠኝ» አሉ ሐጅ ኢስሃቅ። «ሌላ ገዳይ ባሳይህስ?»

«እፈታዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ሽማግሌው እየተነፈሱ ደረጃውን ወጡ። ኡስታዝ ጋረደው በወጣትነታቸው ፕራግ ታሪክ ተምረዋል። ከዚያ አገር የቀራቸው ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ጥቁር ጨርቅና በላዩ የተሣለው ቀይ ጽዋ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኸድርን፣ ሸጊቱንና ሰው አሻጋሪውን ብርሁን ሰብስበው፣ ሕዝቡም እንደ ካህናቱ ከጽዋው ይጠጣ ብለው የሞቱትን የጥንት ቼኮች ያወሩላቸዋል። «እኛማ ድሮም ከጽዋው እንቀበላለን፤ ለዚህ ደግሞ ሰው ይሞታል?» ትላቸው ነበር ሸጊቱ። «ለያዘው ሰው እንጂ ለማያውቀውማ ጽዋ ብርጭቆ ነው» ይሏት ነበር።

ሐጅ ኢስሃቅ ክፍሉን ቃኙ። የኡስታዝ ምርኩዝ በሩ ጥግ ቆሟል፤ መስኮቱ ግን በወዲያኛው ጫፍ ነው። ኡስታዝ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልጋቸው ድረስ እንኳ አይሄዱም። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ገና ያልደረቀ፣ ቡናማ የቱምባክ ምራቅ አለ። ቱምባክ ሱዳኖች ከከንፈራቸው ሥር የሚይዙት እርጥብ ትንባሆ ነው።

ወርደው ኸድርን ጠየቁት።

«ቱምባክ ትይዛለህ?»

«ሽታው ያስመልሰኛል። ኡስታዝ ‹አንተን ለመግደል አንድ ቁንጥር ይበቃል› እያሉ ይስቁብኝ ነበር።»

«ጠዋት ድምፅ አልሰማህም?»

«የረክሻዬን ሞተር አስነሥቼ እሞክር ነበር። መድፍ ቢተኮስም አልሰማ።»

«ትናንትስ ኡስታዝ ምን አወሩ?»

«ከመስኮቱ ታሪክ በኋላ፣ ያን ሁስ የሚባል የቼክ ካህን ታሪክ። ንጉሡ ‹ና፣ ማንም አይነካህም› ብሎ የይለፍ ቃል ሰጠው፤ ሲመጣ አሰሩት፣ አቃጠሉት። እሳቸው ሲጨርሱ ብርሁ ብድግ ብሎ ወጣ። ‹ነገ ከቅዳሴ መልስ፣ እሷ ባለችበት እንጨርሰዋለን› አሉት።»

«እሷ ማን ናት?»

ኸድር በአገጩ ትናንት ወዳልመጣችው ሸጊቱ ጠቆመ።

ሸጊቱ ነጠላዋን ከአፏ ሳታነሣ መለሰች። «ቆርቤ ነው የመጣሁት፣ አባባ። ብርሁም ቆርቧል፣ ነግሮኛል። እኛ በሴቶች በኩል ስለሆንን አላየሁትም።»

«ባልሽን ያሻገረው እሱ ነው?»

«አዎ፣ ክብርኣብን በከሰላ በኩል የወሰደልኝ እሱ ነው። ‹ደህና ገብቷል፣ ሰላም በላት ብሎሃል› እያለ ሰላምታውን ያመጣልኛል። ድምፁን ግን እስካሁን አልሰማሁም።»

ብርሁ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ጠዋት የት ነበርህ፣ ልጄ?»

«የት እሆናለሁ፣ ሐጅ? ቤተ ክርስቲያን! ሥጋ ወደሙ ተቀብዬ መምጣቴ ነው። ምን ዓይነት ቀን ነው!» አለና ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ እንትፍ አለና ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

ሐጅ ኢስሃቅ አሸዋው ላይ የወደቀውን ቡናማ ነገር አዩ። ሁሉንም መስኮቱ ሥር ሰበሰቡ።

«ምርኩዙ በር ላይ ነው፣ ሰውየው በመስኮት ወደቁ» ብለው ጀመሩ። «ስለዚህ አንድ የሚያምኑት ሰው እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ያ ሰው እዚያው ቆሞ ቱምባክ ተፋ። ኸድር ቱምባክ አይነካም።»

«በገዳሪፍ ቱምባክ የማይዝ ማን አለ?» ሣቀ ብርሁ።

«እውነትህን ነው። ቆርቦ የሚተፋ ግን የለም።»

ሣቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሉጥፊ ነገሩ አልገባውም።

«እኔ እስላም ነኝ» አሉት ሐጅ ኢስሃቅ። «ያደግሁት ግን ጎንደር፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር በአንድ አጥር ነው። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን አይተፋም። ይቺን ሴት ተመልከታት፤ ለቅሶዋን እንኳ በነጠላዋ አፍናዋለች። ይሄ ደግሞ ‹እስላም ምን ያውቃል› ብሎ ፊት ለፊቴ ተፋ። አልቆረበም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልነበረም። ኡስታዝ ከቅዳሴ መልስ ለእሷ ሊናገሩ ነበር፤ እሱም ቅዳሴው ሳያልቅ ደረሰባቸው።»

«ምን ሊናገሩ?» አለች ሸጊቱ።

ሐጅ ኢስሃቅ ወደ ብርሁ ዞሩ። «አንተም እንደ ንጉሡ ‹ማንም አይነካህም› ብለህ ወሰድኸው። ክብርኣብን ለማን አሳልፈህ ሰጠኸው?»

«እኔ ስሰጣቸው ደህና ነበር!»

የተናገረው ለራሱም የተሰማው ዘግይቶ ነው። እጁን ወደ አፉ አነሣ።

ሉጥፊ የኸድርን ገመድ ፈታ። ቃሉን ጠበቀ፤ ባዳው ሰው። በዚያው ገመድ ብርሁን አሰረ።

ሸጊቱ ከግድግዳው ተላቀቀች። ቀስ ብላ ሄዳ ብርሁ ፊት ቆመች፣ ነጠላዋን ከአፏ ገለጠች። ጉንጯ ሞላ። ብርሁ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ መንደሩም ጠበቀ።

ከዚያ ጉሮሮዋ አንዴ ከፍ ዝቅ አለ። ዋጠችው። ነጠላዋን መልሳ አፏ ላይ ጫነች፣ ሄዳም ከጆንያው አጠገብ ተቀመጠች።