ያልተነካው ጥቁር ሥጋ

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ከሞቱ አንድ ቀን ቢያልፍም በፖሊስ ትእዛዝ አልተቀበሩም። ማንኪራ መንደር ያለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ለቀስተኛው ዝናብ ተጠልሎ ቆሟል። ኢንስፔክተር ኑኃሚን ከቦንጋ እስከ መንገዱ ማብቂያ በሞተር፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ጭቃ ስታቦካ ነው የመጣችው። በዚህ ወር ያየችው አራተኛ አስከሬን ነው። እንቅልፍ ከጠገበች ሰንብታለች።

ገብታ የሟቹን ቀኝ እግር ገለጠች። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ከሁለት ወር በፊት ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ወድቀው ነበር። ከጉልበታቸው በታች ያለው ቁስል እንደ ደረቀ ቆዳ በጠቆረ ሥጋ ተሸፍኗል። ዙሪያው አብጧል። አጎንብሳ ጠርዙን አየችው።

«ቅባቱ ነው የበላው» አለ ከኋላዋ የሟቹ ታናሽ ወንድም ከፈለኝ። ለፖሊስ ያመለከተው እሱ ነው። «ነርሷ ሥጋ የሚበላ መድኃኒት አዘዘችለት። በራሷ አፍ ነው እንደዚያ ያለችው።»

ነርሷ አብርሆት በጓሮ በኩል ብቻዋን ተቀምጣለች። ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም።

«ሲስተር፣ እንደዚያ ብለሻል?»

«ብያለሁ። የሞተውን ሥጋ ይበላል፣ ጤነኛውን አይነካም። ውስጡ ኢንዛይም አለው። የሞተው ሥጋ ካልተነሳ ጀርም ከሥሩ ይራባል። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ምላጭ ስለፈሩ ነው ልጃቸው ሳሙኤል ከአዲስ አበባ ሦስት ቱቦ የላከላቸው።»

«ቱቦዎቹ ታሽገው ነበር?»

«አፋቸው ታሽጎ ነበር። ሦስቱንም የበሳሁት እኔ ነኝ። በየቀኑ የሚቀቡት ግን እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ እኔ በሳምንት አንዴ ነው የምመጣው። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ ሳጣ ሆስፒታል ይሂዱ አልኩ። በሦስተኛውም አልኩ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ከዚያ በላይ ምን ላድርግ?»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አሰለፈች ከአስከሬኑ ራስጌ አልተነሱም። ኑኃሚን አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ። ቅባቱን ያቋረጡበት ቀን አለ?»

«አንድም ቀን የለ። ጠዋት ጠዋት በጨው ውኃ አጥቤ፣ ልክ እንዳሳየችኝ።»

«ማን ነው ያመጣላችሁ?»

«ከፈለኝ። ዓርብ ቦንጋ መናኸሪያ ተቀብሎ እሑድ አመጣልን።»

«ሲስተር ሆስፒታል ስትል ለምን አልሄዱም?»

«እሱስ እሺ ብሎ ነበር። ከፈለኝ ‹መድኃኒቱ ጊዜ ይፈልጋል፣ ታገሡ› አለን። ሁለቴ። ወንድሙ ነው፣ ሰማነው።»

ኑኃሚን ቱቦዎቹን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ወጣች። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ሦስተኛው ገና አልተጋመሰም። ታች የታጠፈውን ጫፍ ስትዳስስ ጣቷ ቆመ። የፒንሳ ጥርስ ምልክት አለበት። የሌሎቹንም አየች፤ እንደዚያው ነው።

አንዲት ወጣት ውኃ በግራ እጇ አቀበለቻት። የከፈለኝ ልጅ ዝማሬ ናት። ቀኝ እጇ በሻርፕ ተጠቅልሏል።

«እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«የፈላ ውኃ ነው። ጠቁሮ ነበር፣ አሁን ድኗል።»

ሻርፑን ፈታችላት። የእጇ ጀርባ ንጹሕና ሮዝ ነው፤ ጥቁሩ የቀረው በጠርዙ ብቻ ነው።

«በምን ዳነልሽ?»

«አባቴ ቅባት አመጣልኝ» አለች ልጅቷ፣ ምንም ሳትጠረጥር።

ኑኃሚን ውኃውን ጨርሳ ጠጣች። ከዚያ ከፈለኝን፣ አብርሆትንና ዝማሬን ወይዘሮ አሰለፈች ወዳሉበት አስገባቻቸው።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ቅባቱ በላው ብለዋል» ጀመረች። «ይህ ቅባት የሞተ ሥጋ ያነሳል። ሃያ ቀን ተቀብቶ ቢሆን ቁስሉ በጸዳ ነበር። እዚህ ግን ጥቁሩ እንዳለ ነው። ስለዚህ ቅባቱ ቁስሉን ነክቶት አያውቅም።»

«እኔ ቀብቻለሁ» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

«ቀብተዋል፣ እትዬ። የቀቡት ቫዝሊን ነው።» የሦስተኛውን ቱቦ ጫፍ ፈትታ ጨመቀችው፤ ቫዝሊን ቫዝሊን የሚሸት ነጭ ነገር ወጣ። «ሲስተር የበሳችው አፉን ነው። ቱቦው የተከፈተው ግን ከታች ነው፤ ተሞልቶ በፒንሳ ታጥፏል። እሷ እጅ ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። ከዓርብ እስከ እሑድ በአንድ ሰው እጅ ነበር።»

ከፈለኝ መሬት መሬት ያያል።

«የልጄን እጅ ይቆረጣል ብለውኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ገና ሳይላክ ወንድሜን አንዷን ቱቦ ለምኜዋለሁ። ‹መጀመሪያ የኔ ይዳን› አለኝ።»

«ስርቆቱን ልረዳው እችል ይሆናል» አለች ኑኃሚን። «ሆስፒታል መሄዱን ለምን ከለከሉ?»

«ቱቦውን ያዩታላ።»

«ሲስተርንስ ለምን ከሰሱ?»

ከፈለኝ ፊቱን ወደ ልጁ መለሰ። ዝማሬ እጇን ከሻርፑ ሥር ልትደብቅ ስትታገል አብርሆት ሄዳ ያዘቻት።

«አትሸፍኚው፣ አየር ያግኘው። ጠርዙ ይቀረዋል፤ ሰኞ ጤና ጣቢያ ነይ።»

ልጅቷ ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

ኑኃሚን ከፈለኝን ወደ በሩ ስትመራው ቆም አለ። «ልቅበረውና ልሂድ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ዞረች። ሴትዮዋ የባላቸውን እግር መልሰው እየሸፈኑ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«አይንካው» አሉ።